ምንጭን በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ እንዴት እንጠቀም? ከማስታወሻ አያያዝ እስከ ዋቢ ዝርዝር

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ መልኩ ቢለያይም ሥሩ አንድ ነው። አንዱ «ይህን ሁሉ ምንጭ ጠቅሼ ሳበቃ አማካሪዬ ‹የራስህ ሐሳብ የት አለ?› ብለው መለሱልኝ» ይላል። ሌላዋ «ሁሉንም በራሴ አገላለጽ ጽፌ ሳለ ተርኒቲን (ጽሑፍ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር መመሳሰሉን የሚፈትሸው ፕሮግራም) ግማሹን ቀለም ቀባው» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ ስንት ምንጭ እንደሚበቃው ቁጥር እንድነግረው ይፈልጋል። ሦስቱም የሚቸገሩት ምንጩ በጽሑፋቸው ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ሳይወስኑ ስለሚጠቅሱት ነው። ምንጭ የሚጠቀሰው እርስዎ ለሚሉት ነገር ማስረጃ፣ መነሻ ወይም ተከራካሪ እንዲሆን ነው፤ ከዚህ ውጭ የገባ ጥቅስ ገጽ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ለማሳየት አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እጠቀማለሁ፤ እርሱም በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ስለ ቋንቋ የሰፈረው ድንጋጌ ነው። ይህን የመረጥኩት ጽሑፉ አጭር በመሆኑና ማንም አንባቢ አግኝቶ ሊያመሳክረው ስለሚችል ነው። የእርስዎ ርእስ ግብርና፣ ጤና ወይም ሥነ ጽሑፍ ቢሆንም አሠራሩ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የትምህርት ክፍልዎ የአጻጻፍ መመሪያ። ከተለመዱት የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓቶች የኤፒኤን፣ የኤምኤልኤን ወይም የቺካጎን ይከተል እንደሆነ፣ የስንተኛውን እትም እንደሚጠይቅም አስቀድመው ይወቁ። በዚህ ጽሑፍ የአጠቃቀስ ምሳሌ ሲያስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውን 7ኛውን የኤፒኤ እትም እወስዳለሁ፤ የክፍልዎ መመሪያ ከዚህ ከተለየ ግን የክፍልዎን ይከተሉ።
- ምንጮቹ ራሳቸው፣ በሙሉ። መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው ከሆነ የርእስ ገጹንና የኅትመት መረጃ ያለበትን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። መጽሐፉን ከመለሱ በኋላ አሳታሚውንና ዓመቱን ለማግኘት እንደገና መመላለስ የተለመደ ድካም ነው።
- የማስታወሻ ካርድ፣ ደብተር ወይም ፋይል።
- ዞቴሮ ወይም ሜንዴሌይን የመሰለ የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ግዴታ ባይሆንም ምንጭዎ ሲበዛ ይረዳል።
- የኢትዮጵያንና የጎርጎርዮሳዊውን ዘመን አቆጣጠር የሚያመሳክሩበት ሰንጠረዥ ወይም መተግበሪያ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ምንጭ ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት ጽሑፍዎ የሚመልሰውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍረው ዓይንዎ በሚያርፍበት ቦታ ያኑሩት። «ስለ ቋንቋ ፖሊሲ» የሚለው ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ሕገ መንግሥቱ ለቋንቋዎች የሰጠው እውቅና ለሥራ ቋንቋ ከሰጠው ቦታ በምን ይለያል?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ንባብ ላይ ነው። ርእስ ብቻ ይዞ የሚያነብ ሰው ስለ ቋንቋ የተጻፈው ሁሉ የሚያስፈልገው ይመስለዋል፤ ጥያቄ ይዞ የሚያነብ ግን ከአንድ መጽሐፍ የትኛውን ምዕራፍ ማንበብ፣ የትኛውን ማለፍ እንዳለበት ያውቃል።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ምንጭ ሥራ ይስጡት

ምንጩን ባገኙ ጊዜ ከርእሱ ጎን «ይህ የሚያገለግለኝ ለ…» ብለው ይጻፉ። ምንጭ በአብዛኛው ከአራት ሥራዎች አንዱን ይሠራል፦ ጥሬ መረጃ ወይም ሰነድ ሆኖ ይቀርባል፤ ጽንሰ ሐሳብን ይበይናል፤ የጥናት ዘዴን ያበጃል፤ ወይም የሚደግፉት አለዚያም የሚሞግቱት ሐሳብ ያቀርባል። በምሳሌያችን ሕገ መንግሥቱ ሰነድ ነው። «የሥራ ቋንቋ» የሚለውን ስያሜ የሚያብራራ የሥነ ልሳን መጽሐፍ የብያኔ ምንጭ ይሆናል፤ ስለ ክልል ቢሮዎች የቋንቋ አጠቃቀም የተሠራ ጥናት ደግሞ እርስዎ የሚከራከሩት ወይም የሚያጠናክሩት ሐሳብ ነው።

ሥራ ያልተገኘለት ምንጭ ምንም ያህል ዝነኛ ቢሆን ይቅር። «ስንት ምንጭ ይበቃል?» ለሚለው ጥያቄ ያለኝም መልስ ከዚሁ የሚወጣ ነው፤ ማስረጃ የሚጠይቅ እያንዳንዱ አባባልዎ ማስረጃ ሲያገኝና ርእሱን በሚመለከት የታወቀ ተቃራኒ ሐሳብ ሁሉ ሲነሣ ምንጭዎ በቅቷል።

ደረጃ 3፦ እስከ መነሻው ይሂዱ

ሌላ ሰው የጠቀሰውን ነገር መነሻውን ሳያዩ አይጥቀሱ። ጥቅስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቃል ይጎድላል፣ ዓመት ይዛነፋል፣ ከአውዱም ይነጠላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። የአገሪቱ ሕዝብ ብዛት በአንዳንድ ጽሑፎች 73,918,505፣ በሌሎች ደግሞ 73,750,932 ተብሎ ይገኛል። ሁለቱም ቁጥሮች የዚያው ቆጠራ ውጤት ተብለው ይጠቀሳሉ፤ የመጀመሪያው ቀድሞ ከወጣው ማጠቃለያ ሪፖርት፣ ሁለተኛው በኋላ ከወጡት ሰንጠረዦች የተወሰደ ነው። ከመመረቂያ ጽሑፍ የቀዳ ተማሪ የትኛውን እንደያዘ አያውቅም፤ ሪፖርቱን ራሱን የከፈተ ግን የሪፖርቱን ስም፣ ዓመትና ገጽ ጽፎ ቁጥሩን በልበ ሙሉነት ያቀርባል።

ሕግን በሚመለከት መነሻው ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ሕገ መንግሥቱ በሥራ ላይ መዋሉ የታወጀው በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው። ስለዚህ አንቀጽ 5ን ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ይውሰዱት።

መነሻውን ፈልገው ካጡት፣ ለምሳሌ መጽሐፉ ከኅትመት ውጭ ሆኖ በቤተ መጻሕፍትም ካልተገኘ፣ ያነበቡትን ምንጭ በግልጽ ያሳዩ። «አበበ ከበደ (1972)፣ በከበደች አበበ (2001፣ ገጽ 45) እንደተጠቀሰው» ብለው ይጽፉና በዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ ያነበቡትን የከበደችን ሥራ ብቻ ያስገባሉ። (ስሞቹ ለምሳሌ ያህል የገቡ ናቸው።) ይህን መንገድ ግን አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ይጠቀሙበት፤ በየገጹ «እንደተጠቀሰው» የሚል ጽሑፍ የሰነፍ ንባብ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል፣ ያለ ምክንያትም አይደለም።

*የአማርኛ ምንጭ ሲፈልጉ፦* ሞክሼ ፊደላት ፍለጋዎን ያደናቅፋሉ። በፒዲኤፍ ፋይልም ሆነ በቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ካታሎግ «ሕገ መንግሥት» ብለው ያጡትን «ህገ መንግስት» ወይም በጭረት የተያያዘውን «ሕገ-መንግሥት» ሲሉ ሊያገኙት ይችላሉ። ቁልፍ ቃላትዎን በየአጻጻፋቸው ዘርዝረው ሁሉንም ይሞክሩ።

ደረጃ 4፦ ማስታወሻ ሲይዙ የማን ቃል እንደሆነ ይለዩ

ሳይታሰብ የሚፈጸም የጽሑፍ ስርቆት፣ ብዙዎች ፕሌጃሪዝም የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው። ተማሪው ከመጽሐፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ይገለብጣል፤ ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ሲከፍት ዓረፍተ ነገሩ የእርሱ ይሁን የመጽሐፉ አያስታውስም፣ የእጅ ጽሑፉ የራሱ ስለሆነ የራሱ ይመስለዋል፤ እንዳለ ወደ ጽሑፉ ያስገባዋል። ይህን ለመከላከል እያንዳንዱን ማስታወሻ ከሦስቱ በአንዱ ምልክት ያድርጉበት፦

- «ቃል» ማለት ከምንጩ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ፤ ገጹም ወዲያው ይጻፍ።
- «ሐሳብ» ማለት የምንጩ ሐሳብ ሆኖ አገላለጹ የእርስዎ ነው። ይህም ገጽ ይጻፍለት።
- «እኔ» ማለት ሲያነቡ የመጣልዎት ጥያቄ፣ ተቃውሞ ወይም ትዝብት ነው።

ሦስተኛው ምልክት ከሁሉ ይበልጥ ይረሳል፤ ዋጋው ግን ከሁሉ ይበልጣል። አማካሪዎ «የራስህ ሐሳብ የት አለ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ የሚገኘው «እኔ» ከተባሉት ማስታወሻዎች ነው። እነዚህ ከሌሉ በመጨረሻው ሳምንት የራስን ሐሳብ ከባዶ መፍጠር አይቻልም።

ቀጥተኛ ጥቅስ ሲገለብጡ የምንጩን ፊደል እንዳለ ይጠብቁ። ምንጩ «ዓለም» ካለ «አለም» ብለው አያርሙ፤ «እውቅና» ካለ «ዕውቅና» አያድርጉት። በምንጩ ውስጥ ግልጽ ስሕተት ካጋጠመዎት ከቃሉ አጠገብ በማዕዘን ቅንፍ [እንዳለ የተወሰደ] ብለው ያመልክቱ እንጂ ዝም ብለው አያቃኑት። አንባቢ ትእምርተ ጥቅስ ሲያይ በውስጡ ያለው ሁሉ የሌላው ሰው እንደሆነ ያምናልና።

ደረጃ 5፦ ልጥቀስ፣ በራሴ ልግለጽ ወይስ ላጠቃል?

*ቀጥተኛ ጥቅስ* የሚገባው ቃሉ ራሱ የክርክሩ ጉዳይ ሲሆን ነው፤ ይህም የሕግ ድንጋጌ፣ ግጥም፣ የመረጃ አቀባይ ንግግር፣ ብያኔ ወይም እርስዎ ሊሞግቱት ያሰቡት አወዛጋቢ አባባል ሲያጋጥም ነው። በኤፒኤ ሥርዓት 40 እና ከዚያ በላይ ቃላት ያሉት ጥቅስ ያለ ትእምርተ ጥቅስ፣ ከግራ ኅዳግ ገባ ብሎ ለብቻው ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ረጅም ጥቅስ በገጹ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ከእርሱ ያላነሰ ማብራሪያ ከሌለዎት ጥቅሱን ያሳጥሩት።

*ማጠቃለል* የአንድን ምዕራፍ ወይም ጥናት ዋና ሐሳብ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር መጭመቅ ነው። የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት በአብዛኛው በዚህ ይሠራል።

*በራስ አገላለጽ መጻፍ* ከሦስቱ ከባዱ ነው፤ ብዙ ሰው የተሳሳተ ስለሚይዘውም ረዘም አድርጌ አብራራዋለሁ። የአንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ 1 እንዲህ ይላል፦ «ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና ይኖራቸዋል።» አንድ ተማሪ ይህን «ማንኛውም የኢትዮጵያ ቋንቋ በእኩል ደረጃ የመንግሥትን ዕውቅና ያገኛል» ብሎ ቢጽፍ በራሱ አገላለጽ አልጻፈም። የዓረፍተ ነገሩ አጥንት እንዳለ ሆኖ ቃላቱ ብቻ በተመሳሳዮቻቸው ተተክተዋል። ሌላው ደግሞ «በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሥራ ቋንቋዎች ናቸው» ቢል አገላለጹ በርግጥ የራሱ ነው፤ ነገር ግን ምንጩ ያላለውን አስብሎታል፣ እውቅናና የሥራ ቋንቋነት አንድ አይደሉምና። ተቀባይነት ያለው እንዲህ ያለው ነው፦ «ሕገ መንግሥቱ የመንግሥትን እውቅና በመስጠት ረገድ በአገሪቱ ቋንቋዎች መካከል ብልጫ አያደርግም (አንቀጽ 5(1))።» አወቃቀሩ ተለውጧል፣ ፍቺው ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ ምንጩም ተጠቅሷል።

ወደዚህ ለመድረስ አስተማማኙ መንገድ የሚከተለው ነው፦

ሀ. ክፍሉን ሐሳቡ ግልጽ እስኪሆንልዎት ድረስ ያንብቡ።
ለ. መጽሐፉን ይዝጉ ወይም ፋይሉን ከዓይንዎ ያርቁ።
ሐ. ለክፍል ጓደኛዎ እንደሚያስረዱ አድርገው ሐሳቡን ይጻፉ።
መ. አሁን ምንጩን ከፍተው ያስተያዩ፤ ሁለት ነገር ይፈትሹ፦ ሐሳቡ ተዛብቷል ወይ? ቃላቱ ወይም አወቃቀሩ ተመሳስሏል ወይ?

ምንጩን እያዩ መጻፍ የማይሠራው ዓይን ያየውን የዓረፍተ ነገር ቅርጽ እጅ ስለሚከተል ነው። ሊለወጡ የማይገባቸው ሙያዊ ስያሜዎችም እንዳሉ አይርሱ። ንዑስ አንቀጽ 2 «አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ይሆናል» ሲል «የሥራ ቋንቋ»ን በ«ብሔራዊ ቋንቋ» መተካት የቃላት ለውጥ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ያልሰጠውን ደረጃ መስጠት ነው። እንዲህ ያለው ስያሜ እንዳለ ይቀመጥ።

ደረጃ 6፦ ምንጩ በሌላ ቋንቋ ከሆነ

በእንግሊዝኛ ያነበቡትን በአማርኛ ሲጽፉ፣ ወይም በተገላቢጦሽ፣ መተርጎም ከመጥቀስ ግዴታ ነፃ አያደርግም። ቃል በቃል የተረጎሙት ዓረፍተ ነገር ቀጥተኛ ጥቅስ ሆኖ የሚታይ ስለሆነ ከምንጩ ጋር «ትርጉም በጸሐፊው» ብለው ያሳዩ። ተርኒቲን ባያገኘውም መርማሪ መምህር ያገኘዋል፤ የአማርኛው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሰዋስው የቆመ እንደሆነ በንባብ ያስታውቃልና።

ከመተርጎምዎ በፊት ግን ምንጩ በአማርኛ መኖሩን ያጣሩ። ሕገ መንግሥቱን ከእንግሊዝኛው ቅጂ ወደ አማርኛ መልሰው የሚተረጉሙ ተማሪዎች አሉ፤ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ሆኖ ሳለ ይህ ድካሙም ስሕተቱም እጥፍ ነው።

ደረጃ 7፦ አንቀጹን በራስዎ ሐሳብ ይክፈቱ፣ በራስዎ ሐሳብ ይዝጉ

የአንቀጹን ኃይለ ቃል እርስዎ ይጻፉት። ቀጥሎ ማስረጃውን ያቅርቡ፤ ከዚያ ማስረጃው ምን እንደሚያሳይ ያብራሩ። ሦስተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ጸሐፊው ጥቅሱ ራሱ የሚናገር ይመስለዋልና። አንባቢው ግን ጥቅሱን ከሌላ አቅጣጫ ሊያየው ይችላል፤ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ተቃራኒ ድምዳሜዎች ሊወጡ ስለሚችሉ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ መናገር አለብዎት።

ደካማ አንቀጽ ይህን ይመስላል፦

> «በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5(1) እንደተገለጸው ‹ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና ይኖራቸዋል።› በተጨማሪም በአንቀጽ 5(2) እንደተገለጸው ‹አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ይሆናል።› እንዲሁም በአንቀጽ 5(3) ስለ ክልሎች ተገልጿል።»

ሁሉም እውነት ነው፤ ተጠቅሷልም። ነገር ግን «በተጨማሪም» እና «እንዲሁም» ዝርዝር ያያይዛሉ እንጂ ሐሳብ አያገናኙም። ያው ማስረጃ እንዲህ ሊቀርብ ይችላል፦

> «ሕገ መንግሥቱ የቋንቋ እውቅናን እና የሥራ ቋንቋን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አድርጎ ያያቸዋል። እውቅናን በተመለከተ በቋንቋዎች መካከል ብልጫ አያደርግም (አንቀጽ 5(1))፤ የሥራ ቋንቋን በተመለከተ ግን ‹አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ይሆናል› ብሎ አንዱን ለይቶ ይሰይማል (አንቀጽ 5(2))፤ የፌዴሬሽኑን አባላት የሥራ ቋንቋ ደግሞ ለየራሳቸው ሕግ ይተዋል (አንቀጽ 5(3))። ስለዚህ አንድ የክልል ቢሮ በምን ቋንቋ መሥራት እንዳለበት ለሚነሣ ጥያቄ መልሱ የሚፈለገው ከክልሉ ሕግ እንጂ ከንዑስ አንቀጽ 2 አይደለም።»

እዚህ ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የጸሐፊው ናቸው። ከሕጉ ቃል በቃል የተወሰደው አንድ ሐረግ ብቻ ሲሆን የተወሰደውም ክርክሩ ያረፈበት ቦታ እርሱ ስለሆነ ነው።

ከአንድ በላይ ጸሐፊ ሲያቀርቡም አንቀጹን በሰው ሳይሆን በጉዳይ ያዋቅሩት። አንዱን አንቀጽ ለአንድ ጸሐፊ፣ ቀጣዩን ለሌላው እየሰጡ መሄድ የመጻሕፍት ዝርዝር እንጂ ቅኝት አይሆንም። በምን ይስማማሉ፣ በምን ይለያያሉ፣ ልዩነታቸውስ ከምን መጣ የሚለውን ይጻፉ፤ ከመረጃቸው፣ ከዘመናቸው ወይስ ከዘዴያቸው?

የመጥቀሻ ግሦችን በጥንቃቄ ይምረጡ። «ይገልጻል»፣ «ይከራከራል»፣ «ያረጋግጣል»፣ «ይገምታል» አንድ አይደሉም። ጸሐፊው የገመተውን «አረጋገጠ» ካሉ የእርሱን ስም ይዘው የእርስዎን ስሕተት ጻፉ ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ስምና ዓመትን በትክክል ይጥቀሱ

የውጭ መመሪያዎች የተዘጋጁት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። በኢትዮጵያ ስም ሁለተኛው የአባት ስም ስለሆነ ደራሲውን በአባቱ ስም መጥራት ሌላ ሰው መጥቀስ ይሆናል። በኢትዮጵያ ጥናት መስክ የተለመደው የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጡ፣ በራሳቸው ስም ጀምሮ እስከ አባት ስም መጻፍ ነው፤ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም የሚከተለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ «አበበ ከበደ» በ«አ» ሥር ይገባል። የውጭ አገር ጸሐፊ ግን በቤተሰብ ስሙ ይቀመጣል። ለእንግሊዝኛ መጽሔት የሚጽፉ ከሆነ መጽሔቱ የሚፈልገውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ መገልበጡን ግዴታ ያደርጋሉ።

እንደ ወልደ ሥላሴ፣ ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ማርያም ያሉ ጥምር ስሞች አንድ ስም ናቸው፤ አይከፈሉም። «አቶ»፣ «ዶክተር»፣ «ፕሮፌሰር» የሚሉት መጠሪያዎች በጥቅስም ሆነ በዋቢ ዝርዝር አይገቡም። ዞቴሮን የሚጠቀሙ ከሆነ የደራሲውን ስም በሁለት ሳጥን ከመክፈል ይልቅ ከሳጥኑ አጠገብ ያለውን ምልክት ተጭነው ወደ አንድ ሳጥን ይለውጡትና ስሙን በሙሉ እዚያ ይጻፉት፤ ያኔ ፕሮግራሙ ስሙን አይገለብጠውም።

የዓመት ጉዳይ ከስም የባሰ ያሳስታል። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ሁለቱ ቀናት በእኛ አቆጣጠር በአንድ ዓመት ውስጥ ቢውሉም በጎርጎርዮሳዊው አንዱ በ1994፣ ሌላው በ1995 ይውላል። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች «የ1994» እና «የ1995» ሕገ መንግሥት የሚባሉት ሁለት ሰነዶች ሳይሆኑ አንድ ናቸው። በተመሳሳይ በእንግሊዝኛ «የ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት» የሚባለው በአማርኛ የ1948 ዓ.ም. ነው፤ «የ1955 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ ሰው ሰባት ዓመት አዛብቷል።

ስለዚህ፦

- በጽሑፉ ውስጥ አንዱን አቆጣጠር መርጠው በመግቢያው ላይ ያስታውቁ፤ ከዚያ የወጣውን ብቻ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» በማለት ይለዩት።
- በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ምንጩ ላይ የታተመውን ዓመት እንዳለ ያስቀምጡ፤ አቆጣጠሩን ግን ያመልክቱ።
- ሲቀይሩ ወሩን ይመልከቱ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የጎርጎርዮሳዊው ዓመት ከእኛው በ7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በ8 ይበልጣል። ወሩን ካላወቁ አንዱን ቁጥር በግምት አይምረጡ፤ «1994/95» ብለው ሁለቱንም ያሳዩ።

ለቀጥተኛ ጥቅስ ገጽ የግድ ነው። በራስ አገላለጽ ለጻፉት ኤፒኤ ገጽ አያስገድድም፤ ከረጅም መጽሐፍ የተወሰደ ከሆነ ግን አንባቢ እንዲያመሳክረው ገጹን መጻፍ ይሻላል። ሦስትና ከዚያ በላይ ጸሐፊዎች ሲሆኑ የመጀመሪያውን ስም ጽፈው «እና ሌሎች» ይበሉ። ሕግ ሲሆን ገጽ ሳይሆን አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ ይጠቀሳል።

ደረጃ 9፦ የቃል ምንጭን እንደ ሌላው ምንጭ ይመርምሩ

ለጥናትዎ ያነጋገሯቸው መረጃ አቀባዮች የሰጡት ቃል በኤፒኤ ሥርዓት የጥናቱ መረጃ እንጂ የታተመ ምንጭ ስላልሆነ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የታሪክና የፎክሎር ክፍሎች ግን ብዙ ጊዜ የመረጃ አቀባዮችን ዝርዝር፣ ከዕድሜ፣ ከቃለ መጠይቁ ቦታና ቀን ጋር፣ በጽሑፉ መጨረሻ ይጠይቃሉ። ስማቸው እንዲጠቀስ መፍቀዳቸውን ከመቅዳትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ካልፈቀዱ ኮድ ይስጧቸው። የተናገሩት ነገር ስለ ዓመትና ስለ ቁጥር ከሆነ በሌላ መረጃ አቀባይ ወይም በሰነድ ያመሳክሩት፤ ስለ ስሜትና ስለ ልማድ ከሆነ ደግሞ አነጋገራቸውን ሳያሳምሩ እንዳለ ይጥቀሱት።

ደረጃ 10፦ ከማስረከብዎ በፊት ያስተያዩ

ጽሑፉን አትመው በአንድ እጅዎ ጽሑፉን፣ በሌላው ዋቢ ዝርዝሩን ይያዙ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰው ሁሉ በዝርዝሩ መኖሩን፣ በዝርዝሩ ያለው ሁሉም በጽሑፉ መጠቀሱን አንድ በአንድ ምልክት እያደረጉ ያረጋግጡ። ከዚያ ቀጥተኛ ጥቅሶችን በሙሉ ከምንጫቸው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። በመጨረሻም ጥቅሶቹን ሁሉ በጣትዎ እየሸፈኑ ቀሪውን ያንብቡ፤ ክርክሩ ያለ ጥቅሶቹ ሊከተሉት የማይችሉት ከሆነ ወደ ደረጃ 7 ይመለሱ።

ማስጠንቀቂያዎች

- *የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች* የሌለ መጽሐፍ፣ የሌለ መጽሔት ቁጥር፣ የሌለ ገጽ እውነተኛ አስመስለው ሊሰጡ ይችላሉ። እርስዎ ራስዎ ከፍተው ያላነበቡት ምንጭ በዋቢ ዝርዝርዎ ውስጥ አይግባ።
- *የተርኒቲን መቶኛ* የሚያሳየው መመሳሰልን እንጂ ስርቆትን አይደለም። በአግባቡ የተጠቀሰ ጥቅስና የዋቢ ዝርዝሩ ራሱ መቶኛውን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ዝቅተኛ መቶኛም ንጽሕናን አያረጋግጥም። ቁጥሩን ትተው ቀለም የተቀባውን እያንዳንዱን ክፍል ይመርምሩ።
- *የድሮ የአማርኛ ፋይሎች* ብዙ ጊዜ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉ የቀድሞ የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ናቸው። ገልብጠው ሲለጥፏቸው ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ ወይም ፊደል ይቀያየራል። ጥቅሱን በእጅዎ ይተይቡትና ሁለት ጊዜ ያስተያዩ።

የተለመዱ ስሕተቶች

*በአንቀጹ መጨረሻ ላይ አንድ ጥቅስ ብቻ ማስቀመጥ።* ስድስት ዓረፍተ ነገር ጽፈው በመጨረሻው ላይ ብቻ ምንጭ ካስቀመጡ አንባቢው የትኛው የእርስዎ፣ የትኛው የምንጩ እንደሆነ አይለይም። ምንጩን ሲጀምሩ በስም ያስተዋውቁት፤ ወደ ራስዎ ሐሳብ ሲመለሱም መመለስዎን የሚያሳይ ቃል ይጠቀሙ።

*ሁሉም የሚያውቀውን መጥቀስ።* አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ መሆኗ ዋቢ አያስፈልገውም። አጠራጣሪ ሲሆንብዎት ግን ይጥቀሱ።

*የሚስማማውን ብቻ መምረጥ።* ከሐሳብዎ ጋር የሚቃረን ጥናት እያወቁ ቢዘሉት መርማሪው ጽሑፍዎን በሚከላከሉበት ቀን ያነሣብዎታል። ያቅርቡትና ለምን እንዳላሳመነዎት ያስረዱ።

*ቃል ቆርጦ ፍቺ መለወጥ።* በሦስት ነጥብ ያሳጠሩት ጥቅስ ሳያጥር የነበረውን ፍቺ መያዙን ያረጋግጡ። በተለይ «ግን»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ «እንደ ሁኔታው» የሚሉ ቃላት ከተቆረጡ የጸሐፊው አቋም ይገለበጣል።

*የሌላን መመረቂያ ጽሑፍ የቅኝት ምዕራፍ እንደ ምንጭ መጠቀም።* የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ክምችት ምንጭ ለማግኘት ይጠቅማል። እዚያ የተጠቀሱትን ዋቢዎች ግን ዝርዝራቸውን ይዘው ሄደው ራስዎ ያንብቧቸው፤ ዋቢዎቹን ብቻ ከቀዱ ከእነ ስሕተታቸው ይቀዳሉ፣ የጠፋ ገጽና የተዛባ ዓመትም በስምዎ ይመዘገባል።